ዳገቱ መሃል አቁሙልኝ

ለምወድህ ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ከናፍቆትህ በቀር እኛ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የልጄን መርዶ የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነበር። የሚነዳት መኪና ወደ ጤና ጣቢያው በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ጭቃ አንሸራትቷት ተገለበጠች አሉኝ። እህቱ እዚያው ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ዳገቱን በእግሯ ነበር የምትወጣው።

አሁን መኪና ገዛች። የመኪና ደላላ ሁለት አመጣልን። ቀይዋ ዓይን ትስባለች፣ ግን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ብቻ ናቸው። ግራጫዋ አነስ ያለች፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቷት ናት። ዝናብ እስኪጥል አስጠበቅኩትና፣ "ዳገቱ መሃል አቁሙልኝ" አልኩ።

"እማማ፣ የሚገዙት መኪና ነው ወይስ ተራራ?" አለኝ።

"ተራራውማ አለን፤ ያጣነው መኪናውን ነው።"

ቀይዋን እሱ ሲነዳት ጭቃ እየረጨች ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ግራጫዋን ልጅቷ ነዳቻት፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከቆመችበት ተነስታ ቀስ ብላ ወጣች። ልጅቷ ከስንት ጊዜዋ ሳቀች! "እማዬ፣ እጄን ልቀቂኝ እንጂ፣ መሪ ልይዝበት ነው!" አለችኝ።

ጠዋት ጠዋት አብሬያት ወጥቼ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ለጉልበቴ ይበጀኛል እላታለሁ። ዛሬ ግን "ቤት ዋዪ" አለችኝና ቀረሁ። ከሰዓት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ይህን ስጽፍልህ ክላክሷን በር ላይ ሰማሁ፤ ሮጬ ከፈትኩላት። አራቱም ጎማ ጭቃ ለብሷል። እሷ ግን "ራበኝ" እያለች ትነጫነጫለች። እሰይ!

ቤተሰብህን ሳምልኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለሟቹ ልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ።

እህትህ