ሁለት ማሻሻያ ስጪኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ የዱቄት ጆንያ ማንሳቱን ቻለው? ያ በምድጃው ወላፈን የሚያለቅሰው ግራ ዓይንሽስ ተሻለው? እማዬ ጉልበቷ ይታዘዛታል ወይ? ባለቤትሽን ጋሼን ሳሉ ለቀቃቸው? ልጅሽ ሚጢጢስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው እሁድ ሾፌሩ ፌርማታ የላክሽልኝን ዳቦ ይዞ ሬዲዮ ጣቢያው በር ድረስ መጣ። መንገደኛ እጁን ባነሳ ቁጥር ስለሚቆም ያንን ስም ያወጣሽለት አንቺው ነሽ። እህትህ የበጀቱን ዜና ያነበብክ ቀን ድምፅህ ጎርነን ብሎባት ነበር፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ ብላለች አለኝ። ፌስታሉን ስፈታ ዳቦዎቹ ጥቃቅን ሆነውብኝ፣ ምነው እህቴ ለአሻንጉሊት ነው እንዴ የጋገረችው ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን አንገቱን አከከ። ከዚያ አንቺ የደበቅሽኝን ሁሉ ዘረገፈው።

ለካ ያን ዕለት እንደ ልማድሽ የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑን አጥፍተሽ፣ ደንበኛውን ሁሉ ዝም አሰኝተሽ ነው የሰማሽኝ። አዲሱ በጀት መጽደቁን አነበብኩ፤ በዱቄትና በናፍጣ ዋጋ ላይ ማሻሻያ ተደርጓል አልኩ። አንቺም እሰይ፣ ተሻሻለልን አልሽ። ጎረቤቶችሽ ዱቄት ሊያከማቹ ሲሯሯጡ፣ ምን አስጨነቃችሁ፣ ወንድሜ ተሻሽሏል ብሎ የለ እንዴ ብለሽ መለስሻቸው። በማግስቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በድሮው ዋጋ ዳቦ ልታቀርቢ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተፈራረምሽ። ኋላ ነጋዴው ጋ ስትሄጂ ነው መንግሥት ድጎማውን ከበጀቱ እንደሰረዘና ዋጋው ሰማይ እንደነካ የተረዳሽው። ይኸው አሁን የተማሪውን ዳቦ በኪሳራ ትጋግሪያለሽ፤ የሱቁን ዳቦ ብታሳንሺ ደግሞ ሰፈሩ ስም አወጣለት አሉ። እታለም፣ ሁለት ማሻሻያ ስጪኝ እያሉ ይገዙሻል። ፌርማታ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንባቢ ነኝ፣ የተጻፈልኝን ነው የማነበው ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። ውሸት ነው። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ጭማሪ የሚል ነበር። አለቃችን ይሄ ቃል ሰው ያስደነግጣል፣ ለስለስ ያለ ፈልጉ አለ። ሁሉም ኮርኒስ ኮርኒሱን ሲያይ ማሻሻያ ብንለውስ ያልኩት እኔ ነኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ደስ አለኝ። የሚብሰውን ልንገርሽ? ያን ቀን ስቱዲዮ ከመግባቴ በፊት ለባለቤቴ ደውዬ፣ ዛሬውኑ ዱቄትና ዘይት ገዝተሽ አስቀምጪ ብያታለሁ። ለአንቺ አልደወልኩም። ረስቼሽ ብቻ አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪ እህቴ የዱቄት ነገር እኔ ሳልነግራት ታውቃለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ፣ እዚያው ዳቦ ቤት፣ ዳቦ በምትጠቀልዪበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ማቡኪያው ሲያጓራ፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ያልገባህን ቃል እንዳትዘል፣ ጠይቅ ትይኝ ነበር። አንቺ ግን እኔን አልጠየቅሽኝም። ወንድሜ ካለ አለ ነው ብለሽ አለፍሽው። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

እኛም ቤት በጀቱ ሳይገባ አልቀረም። የትራንስፖርት አበላችን ተቆርጧል፤ ወተት ለልጁ ብቻ ሆኗል። ሻይዬን ያለ ስኳር ስጠጣ ባለቤቴ፣ ይኸውልህ ማሻሻያህ ትለኛለች። ይበለኝ! በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ደወልኩ፤ ሃሎ የኔ ጌታ ስትዪኝ ወኔዬ ይከዳኝና ስለ እማዬ ጉልበት ጠይቄ እዘጋለሁ። ወረቀት አያባብልም፣ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። የምድጃው ናፍጣ አላዋጣ ስላለሽ የአባታችንን ቤት አስይዘሽ፣ ተበድረሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልትገዢ ነው አለኝ ፌርማታ። አፈር ስሆን፣ እንዳታደርጊው! ሰኞ የማነበው ዜና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመብራትም ድጎማ ሊነሳ ነው። ማሻሻያ በሚለው ቃል ሰው ስለነቃ የአሁኑ ወረቀት ማስተካከያ ይላል። ይህንንስ ቃል ማን አቀበላቸው ብለሽ አትጠይቂኝ። ጨመረ ማለት ነው፣ በቃ። ከዜናው በፊት ለሰው መንገር ክልክል ነው፤ ግን ለሚስቴ ሹክ ያልኩትን ለአንቺ ከነፈግኩ ምኑን ወንድም ሆንኩ? ለጎረቤቶችሽም ንገሪያቸው፤ ባለፈው በእኔ ጦስ ነው አንቺን የታዘቡሽ።

በወሩ መጨረሻ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጋ አብረን ሄደን ውሉ እንዲሻሻልልሽ እንለምናለን። ይኸው፣ ይህች ቃል ለአንድ ቀን እንኳ በትክክል ትሥራ። እምቢ ካለ ዓመቱ እስኪያልቅ ጉድለቱን ከደመወዜ እሸፍናለሁ፤ ይህን ሐሳብ ያመጣችው እንዲያውም ባለቤቴ ናት። ከዚያ ጧት ደንበኛው ሲሰለፍ ባንኮኒው ጋ ቆሜ፣ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፣ የእህቴ ጥፋት እኔን ማመኗ ብቻ ነው እላቸዋለሁ። ማይክሮፎን በሌለበት ያን ያህል ደፋር አይደለሁም፤ አንቺ አጠገቤ ቁሚልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የሬዲዮኗን ድምፅ ቀነስ ታድርገው፣ እየሰማችኝ እንደሆነ ሳስብ ያሳፍረኛል። ጋሼን እግዜር ይማርዎት በያቸው፤ ስመጣ ሊቆጡኝ ከፈለጉ መብታቸው ነው። ሚጢጢን ጉንጯን ሳሚና ያልገባሽን ቃል እንዳትዘዪ፣ አጎትሽም ቢያነበው ጠይቂ በያት። ባለቤቴና ልጄ እጅ ነስተዋል። ደብዳቤውን ፌርማታ ነገ ያደርስልሻል፤ መንገድ ላይ እንዳይቆም አስምዬዋለሁ፣ ግን ታውቂዋለሽ።

የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ልዘጋው ነበር። ጉንፋን አልያዘኝም ነበር፣ እታለም። ማሻሻያ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ማቡኪያውን አጥፍተሽ እየሰማሽኝ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሬዲዮ ጣቢያው ሻይ ክበብ፣ ከመስኮቱ ሥር፤
ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ አዲሱ በጀት በጸደቀ በሁለተኛው ወር።