ሻገተ ያልኩሽ አርባ ጠርሙስ

አንቺዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሹፌሩ ባልሽስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ውሸት ስለታከተኝ ነውና ደህና አይደለሁም። ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ልሆን ነው። ቀላል ነው፣ ሁለት ቀን ተኝተሽ ትወጫለሽ ብለውኛል። ያስጨነቀኝ መቀደዱ አይደለም። ስወጣ መጥቶ የሚወስደኝ ሰው ካላስመዘገብኩ አልጋ አይሰጡኝም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ያንቺን ስምና ስልክ ሰጠኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሽቼሽ!

ለምን እንደሸሸሁሽ ሳልነግርሽ ግን ነይልኝ ልልሽ አልችልም። ደውዬ እንዳልነግርሽ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ እንደገና እዋሻለሁ።

ያን ኮምቡቻ፣ ያን በስኳር የሚብላላ የሻይ መጠጤን፣ ታስታውሺዋለሽ። ለሠርግሽ ምሳ የጠመቅኩትን፣ ባለ አናናስና ዝንጅብሉን። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንቺ በምንሠራበት ላውንድሪ ባንኮኒ ላይ ልብስ ስትቀበይ፣ እኔ ከኋላ ስተኩስ ውለን ቤት ስንገባ ቀድመን የምናየው ያን ትልቅ የመስታወት ዕቃ ነበር። ሻዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ወፍራምና ዝልግልግ እርሾ፣ እናቱን፣ "እትዬ" ያልሻቸው አንቺ ነሽ። ጨርቃቸውን ገለጥ አድርገሽ "እንዴት አደሩ እትዬ፣ ስኳሩ በቃዎት ወይ?" ትያቸዋለሽ። እኔ ደግሞ "እኚህ ሴትዮ ከኔ በላይ ተከበሩ" እያልኩ እነጫነጫለሁ። ከርከዴ ይግባበት ያልሽው አንቺ ነበርሽ። ቀይ ሥር ጨምሬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ማስተንፈሱን ረስቼ፣ ጠርሙሱ ፈንድቶ ግድግዳችንን ደም ያስመሰልኩት ደግሞ እኔ። ያን ቀን አከራያችን ከታች ሮጠው መጥተው "ማን ተጎዳ?" ሲሉ አንቺ መሬት ላይ ተቀምጠሽ በሳቅ ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር።

የሠርግሽን ኮምቡቻ ሐሙስ ዕለት ቀመስኩት። እንደዚያ ያለ ጠምቄ አላውቅም። ጋዙ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ አናናሱ ቆየት ብሎ ይመጣል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ዐርብ ከሥራ መልስ መጣሽና የቀረ ልብስሽን ሻንጣ ውስጥ ስትከቺ፣ ዞር ሳትይ፣ "አልጋዬን ለፈለገ ሰው ስጪው፣ ክፍሉ ይሰፋልሻል" አልሽኝ።

በቃ ይኸው ነው። ክፉ ቃል አልነበረም። ግን እኔ፣ ሞኝ አትበይኝ፣ አልጋሽ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ከሹፌርሽ ተኳርፈሽም ቢሆን መጥተሽ ታድሪያለሽ ብዬ ነበር። ሆድ ባሰኝ። "እሺ" አልኩሽ፤ ሻንጣሽንም አብሬሽ ዘጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ "ሻጋታ ያዘው፣ ሁሉም ተበላሸ" አልኩሽ። አልሻገተም ነበር። አርባውንም ጠርሙስ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። አረፋው እስከ ክርኔ ደረሰ። ሃያኛው ላይ ጸጸተኝ፤ ግን አንዴ ዋሽቼ የለ፣ ጨረስኩት።

አንቺ ግን! ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ "እትዬስ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ጣልኳቸው" አልኩሽ። ሙሽራ ሆነሽ፣ ፀጉርሽን እየተሠራሽ፣ ለሻይ እናት ስታለቅሺ ሰማሁሽ። በምሳው ላይ ደግሞ ተነስተሽ "ጓደኛዬ ስንት ሳምንት ለፍታልኝ ነበር፣ አልቀናትም እንጂ" አልሽና ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬን አልጣልኳቸውም። እሳቸውን መድፋት አቃተኝ። ሻጋታ የነካው እናት እንደማይተርፍ ያስተማርኩሽ ደግሞ ራሴ ነኝ። አንድ ጊዜ ቤቴ ብትገቢ መደርደሪያው ላይ አይተሻቸው ሁሉም ነገር ይገባሽ ነበር። ልደብቃቸው አስቤም አውቃለሁ፤ የት ይደበቃሉ? ቤቱ ሁሉ ኮምቡቻ ኮምቡቻ ይላል። ስለዚህ አንቺን ደበቅኩሽ። መጀመሪያ አሞኛል አልኩሽ፣ ቀጥዬ ሥራ በዛብኝ፣ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ እሑድ ረፋድ፣ መጥተሽ በሩን አንኳኳሽ። እኔ ከበሩ ወዲህ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ።

"አንቺ ግግም! እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ሬዲዮሽ ይሰማል" አልሽ። ትንሽ ጠበቅሽና "ከአንዲት ሴትዮ ለምኜ አዲስ እናት አምጥቼልሻለሁ። ትንሽ ናት፣ ታድጋለች። በይ ክፈቺ" አልሽ።

እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ወይ አለመታደል! ማዞር ብቻ ነበር የቀረኝ። ዕቃውን ደጃፉ ላይ ስታስቀምጪው ሰማሁ። ደረጃውን ስትወርጂ መሀል ላይ ቆም አልሽ፣ ከዚያ ወረድሽ። ከዚያ ወዲያ አልደወልሽም፤ እውነትሽን ነው።

አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት ዕቃ አለ። ያመጣሻት ትንሿም ወፍራለች። በየአሥር ቀኑ ሁለቱም ይደርሳሉ፣ እኔም በናና፣ በሎሚ፣ ባገኘሁት አጣፍጬ ጠርሙስ እሞላለሁ። ማን ሊጠጣው? ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ የቀረውን እደፋዋለሁ። ባለፈው ወር ላውንድሪው ውስጥ በአንቺ ቦታ ለገባችው ልጅ አንድ ጠርሙስ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማድዳ "ይቅርታ እትዬ፣ ኮምጣጤ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔን እትዬ! ሳቄ መጥቶ ነበር፤ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልጋሽን ለማንም አልሰጠሁም። አንሶላውን በየሁለት ሳምንቱ አጥቤ እተኩሰዋለሁ፣ ማንም ሳይተኛበት።

ሐኪም ቤት ቅጽ የምትሞላው ነርስ "ቤተሰብ የለሽም?" አለችኝ። ሩቅ ናቸው አልኳት። "ጎረቤትስ?" ሰላምታ ብቻ ነን አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። "እንዴ፣ አንድ ሰው እንኳ የለሽም?"

"አለችኝ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ትናንት ደግሞ ስድስት ጠርሙስ በአናናስ ሞላሁ። በየቀኑ ካልተከፈቱ ይፈነዳሉ። የቤቱን ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ፣ መጥተሽ አስተንፍሽልኝ። ፍሪጅ ውስጥ ብከታቸው ምንም እንደማይሆኑ ታውቂያለሽ። ሰበብ ፈልጌ ነው። ደብዳቤውን ነገ የሹፌርሽን አውቶቡስ ጠብቄ በእጁ እሰጠዋለሁ።

ሰኞ ነርሷ ትደውልልሻለች። አላውቃትም ብትያት አልቀየምሽም፤ ቀጠሮዬ ይተላለፋል እንጂ አልሞትም። እሺ ካልሻት ግን አንድ ነገር ትጠይቅሻለች። ቅጹ ላይ "ዝምድና" የሚል መስመር አለ። "ምንሽ ናት?" ስትለኝ እህቴ ልል ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ይህን ሁሉ ካደረግኩሽ በኋላ በምን አፌ? "እሷን ጠይቂያት" አልኳት። መስመሩ ባዶ ነው። አንቺ ያልሽውን ትጽፋለች።

እኔው ነኝ።