ሰባተኛው ሲሊንደር

ማርች 4፣ ማክሰኞ

በረዶው ቀለጠ፣ ጭቃው መጣ። ጠዋት የአንድ ገበሬ ትራክተር ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አስተካክዬ ጨረስኩ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

ከሰዓት ላይል መጣ። ታናሽ ወንድሜ። ሳያንኳኳ ነው የሚገባው... ቶርኖ ቤቱ የአባዬ ስለነበር የሱም ይመስለዋል። የትምህርት ቤት ልጅ ይመስል ደብተር ታቅፏል።

"ኦሪን፣ ወንድሜ፣ ልሠራው ነው።"

"ምኑን?"

"የአባዬን መኪና ነዋ! ረጅም ክራንክ ሻፍት አስገባለታለሁ። ሦስት መቶ ሃምሳ ኪዩቢክ ኢንች የነበረው ሞተር ሦስት መቶ ሰማንያ ምናምን ይሆናል።"

ይሆናል! ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ ሲሸጥ የኖረ ሰው። ፒስተኑንና ፒስተኑን የሚይዘውን ቢዬላ ለይቶ አያውቅም። አሁን ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቪዲዮ አይቶ መካኒክ ሆነልኝ።

"ሲሊንደሮቹን አንተ ታሰፋልኛለህ፤ ገጣጥሜ የማስነሳው እኔ ነኝ" አለ።

እሺ አልኩት። ምን ልበል?

ያ መኪና... የ1969፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር። ከአባዬ ጋር እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ስቆርጥ ኖርኩ። መኪናውን ለላይል አወረሰው። ለምን ብዬ ስጠይቀው አልጋው ላይ ሆኖ ምን አለኝ? "አንተማ ፈታተህ ታስቀምጠዋለህ። ላይል ይነዳዋል።" ከሞተ ይሄው ዘጠኝ ዓመቱ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ላይል ቤት ዋልኩ። ሚስቱ ማርቫ የቼሪ ኬክ ጋግራ ነበር። እቅድ አወጣን። እሱ ሞተሩን የሚያስጮህ የውድድር ካምሻፍት ያምረዋል።

"ለምንህ ነው? ቀይ መብራት ላይ ሲንዘፈዘፍ ሰው እንዲያይህ?"

"ትንሽ ቢያጓራ ምን አለበት?"

"የምትነዳው መንገድ ላይ ነው። ማርቫን ይዘህ አይስክሬም ልትበላ ነው። ለስለስ ያለ ካምሻፍት፣ ዝቅ ያለ ጭመቃ፣ ከማደያ የሚቀዳ ተራ ቤንዚን። ከታች ጀምሮ የሚጎትት ሞተር ነው የሚያስፈልግህ።"

ሁሉንም ጻፈ። ቃል በቃል። ማርቫ ሳቀችብን፤ "እናንተ ሰዎች ልጅ ልትወልዱ ነው እንዴ?" አለች።

ቆንጆ እቅድ ነው የወጣው። እውነቱን ልናገር... ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ቤት ስደርስ ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ። እኔ አስቤ፣ እኔ አስፍቼ፣ መሪውን የሚይዘው እሱ!

ማርች 13፣ ሐሙስ

የሞተሩን ዋና አካል፣ ሞኖብሎኮውን፣ አጥቤ የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ውፍረት ለካሁ። አባዬ በሰባዎቹ አንዴ አስፍቶታል። አሁን እንደገና ሊሰፋ ነው፤ ስለዚህ ምን ያህል ብረት እንደሚተርፍ ማወቅ ግድ ነው።

ከአንድ እስከ ስድስት ጥሩ። ስምንትም ጥሩ። ሰባት... መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከሰፋ በኋላ የሚተርፈው ሰባ። ሰባ የኢንች ሺኛ ብቻ! ከመቶ ሃያ በታች ከሆነ አይነካም። ወረቀት ነው። ሲሞቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ አለቀለት።

እጄ እንደ ልማዱ ቁጥሩን በብረት መጫሪያ መርፌው ሞኖብሎኮው ላይ ጫረው፤ "7 — 70"፣ ከሞተር ማሰሪያው ጀርባ። የአባዬ ሕግ ነው። የለካኸውን መጀመሪያ ብረቱ ላይ ጫር፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፍ። ሳላስበው ነው የማደርገው።

ከዚያ ለላይል የምሰጠውን የልኬት ወረቀት አነሳሁ።

140 ብዬ ጻፍኩ።

ሰባተኛውን ሌላ ብረት አልብሶ ማዳን ይቻል ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አውቃለሁ። ታዲያ ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም። በኦገስት የመኪኖች ሰልፍ ላይ፣ ከተማው ሁሉ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ በተቀመጠበት፣ እንፋሎት እየተፋ ይቁም። ሰው ይሳቅበት። ይፈር። በቃ፣ ይኸው ነው የምፈልገው።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

አስፍቼ ጨረስኩ። ብርቱካንማ ቀለሙንም ራሴ ቀባሁት፣ ሁለት ጊዜ፣ ወፈር አድርጌ። ላይል ሊወስድ መጥቶ እንደ ሙሽራ ዞረው።

"መለኪያውን ላውስህ፣ አንተም አረጋግጥ" አልኩት። ለምን አልኩት? እንጃ። ምናልባት እንዲይዘኝ...

"ሂድ እዚያ! አንተ ከለካህ እኔ አልለካም።"

አቀፈኝ። ሁሌም ያቅፋል፣ እንደ ሕፃን። እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ቆምኩ።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

ተነሳ። በመጀመሪያው ቁልፍ!

ድምፁ... አይ። አልጽፈውም። እሺ፣ አባዬ ቢሰማው ኖሮ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ኢንሹራንስ ሻጩ አንዲት ብሎን ሳያጠፋ ገጥሞታል። ማርሚታው ሲያጉረመርም የጎረቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። ማርቫ አጨበጨበች።

ላይል ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። "ና፣ መጀመሪያ አንተ ንዳው።"

"ጉልበቴን አሞኛል፣ ፍሪሲዮን መርገጥ አልችልም" አልኩ።

ምንም አላመመኝም።

ጁን 28፣ ቅዳሜ

ደወለ። "ውሃ ትንሽ ትንሽ እየጎደለብኝ ነው፣ ምንድነው?"

"አየር ነው። አዲስ ሞተር እንደዚያ ነው። ሙላና ንዳ።"

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ።"

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

ይህን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ ነው የምጀምረው።

ሰልፉ ላይ ከቀለም መሸጫው ፊት ወንበሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። አዎ፣ ልስቅበት። ማርቫ በቆሎ ልትገዛ ወርዳለች። ላይል ብቻውን ነው የመጣው፣ መስኮቱን ከፍቶ። ሲያየኝ ክላክስ አደረገና ከድልድዩ በፊት ባለው ባዶ መንገድ ላይ ነዳጅ ሰጠው። ለኔ ነው የሰጠው። እንድሰማው።

እንፋሎት አይደለም የመጣው። እንደ መድፍ ጮኸ። ውሃ የገባበት ዘይት ብረቱን ማለስለስ አቅቶት ቢዬላው ተሰብሮ ሞኖብሎኮውን በጎን በስቶ ወጣ፤ ዘይቱ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ፈሰሰ። መኪናው ዞረ። ሁለቴ ዞሮ የድልድዩን ግንብ መታው።

እንፋሎት ነበር እኮ የፈለግኩት! እንፋሎት ብቻ...

መጨረሻ ላይ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ቀድሞኝ ሮጧል።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ግራ ጉልበቱ ደቅቋል። ዳግመኛ አይታጠፍም አሉ። ፊቱ አባብጦ እኔን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ኦሪን።"

"የምን ይቅርታ?"

"ሥራህን አበላሸሁብህ። ውሃው እየጎደለ እያየሁ ዝም ብዬ ነዳሁት። አንተ እንደዚያ ተጠንቅቀህ ሠርተህልኝ..."

"አይዞህ" አልኩት። አይዞህ! ከተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ እሱ እኔን ያጽናናኛል።

ልወጣ ስል፣ "ሞኖብሎኮውን ኮስትካ ወስዶታል" አለኝ። ኮስትካ በሚቀጥለው ከተማ ያለው የቶርኖ ሰው ነው። "በመድኃኒት ቀቅሎ አጥቦ ምክንያቱን ይነግረኛል። የኢንሹራንስ ሰው አይደለሁ? ምክንያቱን ሳላውቅ ፋይል አልዘጋም።"

ኮሪደሩ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ከሞተር ማሰሪያው ጀርባ። መርፌው። መድኃኒቱ ቅባት ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ጭረቱን የሸፈነውን ቀለምም ነው።

ኦገስት 20፣ ረቡዕ

በጠዋት ወደ ኮስትካ ነዳሁ። "ልውሰደው፣ እኔ አጥበዋለሁ" አልኩት። በጣቱ ገንዳውን አሳየኝ። ከትናንት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። ብርቱካንማው ቀለም ላዩ ላይ ተንሳፍፏል።

"አንተ ደህና ነህ? ፊትህ ነጭ ሆኗል" አለኝ።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ላይል ከሆስፒታል ከወጣ ሳምንቱ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ማን እንደደወለ አያለሁ።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

አንኳኳ። ላይል! ይህን በር አንኳኩቶ አያውቅም።

በክራንች ነው የገባው። ከጃኬቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አወጣ። ከሞኖብሎኮው የተቆረጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው። 7 — 70። ሰባቱን እንደ አባዬ ወገቡ ላይ በመስመር አቋርጬዋለሁ። የኔ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር እንኳ አይቻልም። ከጎኑ ወረቀቱን ዘረጋ፣ 140።

አንዱን አየሁ። ሌላውን አየሁ።

"ላይል፣ እኔ..."

"ለምን እንደሆነ እንዳትነግረኝ። ከነገርከኝ ልረዳህ እችላለሁ። ልረዳህ አልፈልግም።"

"ለማርቫ ነገርካት?"

"ለማንም አልነገርኩም። ኮስትካም ቁጥሩን እንጂ ወረቀቱን አላየም። ለማንም አልናገርም። ይህንን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ እንሆናለን፤ እስክንሞት።"

ብረቱን ቀድሞ በሽቦ አስሮታል። አባዬ መነጽሩን ይሰቅልበት የነበረው ምስማር ላይ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ፣ ልክ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰቀለው።

"ሌላ ሞኖብሎኮ አግኝቻለሁ" አለ። "ያንኑ እቅድ እንደገና እንሠራለን። ረጅም ክራንክ ሻፍት፣ ለስላሳ ካምሻፍት፣ ተራ ቤንዚን። ሲያልቅ አንተ ትነዳዋለህ። የኔ እግር ፍሪሲዮን አይረግጥም።"

"አልችልም፣ ላይል። በእግዚአብሔር..."

"ጉልበትህን ያምሃል?"

አላቀፈኝም። ክራንቹ ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ እያለ ወጣ።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

መጣ። በየቅዳሜው ይመጣል። የአባዬ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የማይታጠፈውን እግሩን ወደ ጠረጴዛዬ ዘርግቶ። ቡና ስሰጠው አይነካውም።

አዲሱን ሞኖብሎኮ ለካሁ። አንደኛው ሲሊንደር።

"ስንት ነው?"

"መቶ ስድሳ አምስት።"

"ጮክ በል።"

"መቶ ስድሳ አምስት!"

ብረቱ ላይ ጫርኩ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ። ክራንቹን ተደግፎ ተነሳ፣ መለኪያውን ከእጄ ወሰደ፣ ያንኑ ሲሊንደር ራሱ ለካ። መቶ ስድሳ አምስት። በራሱ ደብተር ላይ ጻፈና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ቀጥል" አለኝ።

እስከ ስምንተኛው ሲሊንደር እንደዚያው ዋልን።