የኮምፒውተሩ በሽተኛና እኔ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ

ይድረስ ለልጄ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ተጣልተሽኝ ልጃችን ጋ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሞላ፤ እሷስ ደህና ናት? ጽሑፉን አይተሽ «ማንን አስጽፎ ነው?» እንዳትዪ። ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ሆኜ ጨርሻለሁ። የጨረስነው ሦስት ብቻ ነን፣ እሱን ተይው።

ሥራዬ ያው የሕክምና ተማሪዎች ፊት ታማሚ መሆን ነው። «ለውሸት ደሞዝ የሚከፈለው ካንተ ሌላ ማን አለ?» ትዪኝ የነበረው። ተማሪዎቹ «ጋሼ ቁርጠት» ይሉኛል። በአንድ ሳምንት ኩላሊት፣ ጨጓራና ሐሞት ታምሜ አውቃለሁ፤ እንደኔ የሚያቃስት ገና አልተወለደም።

አሁን ግን ተቀናቃኝ መጣብኝ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር በሽተኛ። ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ያስለዋል፣ ሆዱን ይይዛል። አስተማሪው ተማሪዎቹን ለሁለት ከፈላቸው፤ ግማሾቹ በእሱ፣ ግማሾቹ በእኔ እንዲማሩ። በመጨረሻ ሁሉም እኔን ይመረምሩና የትኞቹ አስተውለው እንደሚመረምሩ ይለካል። «ጥናት ነው እንጂ እርስዎን ለማባረር አይደለም» አለኝ። ሳልጠይቀው! ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

የኮምፒውተሩን ሰውዬ ከበር ጀርባ ሆኜ አየሁት። አያፍር፣ አይሰለች፣ አይዋሽ። «ትጠጣለህ ወይ?» ሲሉት «አዎ፣ በቀን አራት ጠርሙስ» ብሎ አረፈው! ለአስተማሪው «ይሄ ሰውዬ ሚስት አግብቶ አያውቅም» አልኩት። ሳቀና ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው ግን አላሳየኝም።

ፈተናው ባለፈው ሳምንት ነበር፤ የደረሰኝ የወገብ ሕመም ነው። ከኮምፒውተሩ ወገን አንዲት ቀጭን መነጽራም ልጅ ገባች። አቃሰትኩላት። እሷ ግን፣ «አባባ፣ እስቲ እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ» አለችኝ።

ሄጄ ተመለስኩ።

«ቀኝ እጅዎ ለምን አይወዛወዝም?»

«እሱ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የለም» አልኳት።

«ሲጽፉስ፣ ፊደልዎ ወደ መስመሩ መጨረሻ እያነሰ ይሄዳል?»

ደነገጥኩ። የማታ አስተማሪዬ ይሄንኑ ብላኝ «ወረቀት ልቆጥብ ብዬ ነው» ብያት ስቀናል። ለዚች ልጅ ማን ነገራት? ኮምፒውተሩ እንዲያሸንፍ አሰልጥነው የላኩብኝ መሰለኝ።

«ማነው የላከሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ማንም፣ አባባ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ተራመድ ካላሉት አይራመድም። ስለዚህ ሁሉንም ሰው ማስራመድ ለመድኩ።»

የኔዎቹ ዓመቱን ሙሉ በማቃሰቴ ሲስቁ ከወንበሬ አንድ ቀን አላስነሱኝም። ይሄን ስጽፍልሽ እያመመኝ ነው፤ ይሄኛውስ የእውነት።

አስተማሪው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ እጄን አጠፈ፣ ዘረጋና «ቀስ እያለ የሚመጣ የነርቭ ሕመም ነው፤ እጅን ያስራል፣ ጽሑፍንም ያሳንሳል» አለኝ። ቀጥሎ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀኝ። አላውቅም። «አብሮዎት የሚኖር ሰው ያውቅ ይሆናል» አለ። «ሽታ መለየት ያቆሙትስ መቼ ነው? ይሄ ሕመም ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ይጀምራል» ሲለኝ ያ ያረረው ድስት ትዝ አለኝ።

«አፍንጫህ ሥር እያረረ ለመነሳት ሰንፈህ ነው!» ያልሽኝ ቀን። እኔም «በደንብ ይብሰልልሽ ብዬ ነው» ብዬ ቀለድኩ። ሻንጣሽን ያነሳሽው በዚያው ሳምንት አይደል? አልሸተተኝም ነበር። አፍሬ ነው፤ «አልሸተተኝም» ከማለት ሰነፍ መባሉ ተሻለኝ።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን አላምነኝም። ማመኑን ተይውና ከዚያ በፊትስ ያረረ ነገር ሳይሸተኝ ቀርቶ ያውቅ እንደሆነ ጻፊልኝ። ጥፋቴን መቼም አትረሺም። መንገድ ስንሄድ ከጎኔ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ እጄ መወዛወዝ ያቆመው መቼ ነው? ሐኪሙ በሚመጣው ሐሙስ ሳምንት ይጠብቀኛል።

መጻፉ ካልተመቸሽ በአካል መጥቶ መናገርም ይቻላል። እንዲያውም ይሻላል ብሏል። እንዳትጠረጥሪ፣ ሐኪሙ ነው ያለው።

ጤና አይንሳችሁ፤ የልጃችንን ደስታ ያሳይሽ።

የልጅሽ አባት