እትዬ ዜት የሚቆርጡት ቁጥር

ውድ እህቴ ኢቭሮዝ፣

ከሄይቲ፣ ከከተማችን ከሂንች ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጄን ናዴዥን ይዘሽ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የተሳፈርሽ ዕለት ከመኝታዬ ቀና ማለት እንኳ አቅቶኝ ነበር። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎሽ ለሹፌሩ «ሬሳ ልጅ አያሳድግም» ስትይው ሰምቼሻለሁ። ክፋት እንዳልነበረ ይገባኛል። ቢሆንም ተቀይሜሽ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለብዙ ጊዜ ስምሽን መጥራት አስጠልቶኝ ነበር።

ኤች አይ ቪው ሥር ሰዶብኝ ስለነበር ሆስፒታሉ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ አስጀመረኝ። ጎረቤታችን ኦሬል ጠዋትና ማታ እየመጣ ስውጥ ቆሞ ያየኛል።

«አፍሽን ክፈቺ! ምላስሽን አንሺ!»

«ምነው፣ ጥርሴን ልትነቅል ነው እንዴ?» እለዋለሁ። ዝናብ ሲጥል እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

እድን እንደሆነ ዶክተር ቴርሊንን ጠየቅሁት። «ቫይረሱ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም» አለኝ። «ግን በደምሽ ያለው መጠን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ከወረደ፣ ኪኒኑንም ካላቋረጥሽ፣ እንደወረደ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደምሽ ይነግረናል።» ከዚያ ወዲህ ውጤት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። ከወረደ ልጄን አገኛለሁ፤ ካልወረደ ግን አንቺ ልክ ነበርሽ ማለት ነው።

እትዬ ዜትን ታውቂያቸው የለ? ሕልሙም ሞቱም ለእሳቸው የሎተሪ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ይዘው ቦርሌት የሚባለውን የሰፈር ሎተሪ ሊቆርጡ ሮጡ። ተበሉ። ሁለተኛው በጣም ወርዶ ነበር፤ እሱንም ቆርጠው ተበሉ። «ደምሽ ገድ የለውም!» ብለው አኮረፉኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛው መጣ። እትዬ ዜት የሙዝ ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ስንት ሆነ?»

«ቁጥር የለውም። መሣሪያው ሊያየው እስከማይችል ድረስ አንሷል።»

«ቁጥር የለውም ብሎ ነገር ምንድን ነው? ታዲያ እኔ ምን ልቁረጥ?» ብለው ጮኹ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ቅርጫቱን ጥለው አቀፉኝ። ሙዙ መንገድ ላይ ተበተነ፤ እኛ ቆመን እናለቅሳለን።

ኢቭሮዝ፣ አልሞትም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ዶክተሩም አልማለልኝም። ግን ዛሬ ከገበያ ባቄላ ተሸክሜ ዳገቱን ሮጬ ወጣሁት፤ ኦሬል መጥቶ እንዳያጣኝ ብዬ። ሬሳ ዳገት አይወጣም። ልጄን ስላቆየሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቂሜንም ትቼዋለሁ፤ ቢያንስ ልተወው እየታገልኩ ነው።

አሁን ናዴዥን አምጪልኝ። የምትመጡበትን ቀን ቁርጡን ጻፊልኝ፤ እትዬ ዜት ሌላ ቁጥር አልቆርጥም ብለው እሱን እየጠበቁ ነው።

እህትሽ አድሊን