የአርባ አንድ ሴቶችን ስም ከመራጮች መዝገብ ላወጡት ሹም

ለክቡር አቶ ቲላክ ራንዴኒያ
የመንደራችን ሹም

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎ ሰምቻለሁ። በስድስት ዓመት ሹመትዎ ወደ ሻይ ለቃሚዎቹ ረድፍ ቤቶች አንድ ጊዜ እንኳን ያልወጡት በዚሁ ሕመም ምክንያት መሆን አለበትና፣ አምላክ ይማርዎ።

እኔ በሻይ እርሻው ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ውለታዎ በአደባባይ ሊነገር ስለሚገባ ነው።

አንደኛ፣ የመራጮች ቅጽ ቤት ለቤት መታደል ሲገባው፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በእርሻው ጽሕፈት ቤት ትተውልን ስለሄዱ አመሰግናለሁ። ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ቅርጫት አዝለው ተራራው ላይ ነበሩ፤ ቅጠላቸው ተመዝኖ ሲወርዱ ቢሮው ተቆልፏል። እርስዎም "ነዋሪዎቹ ፍላጎት አላሳዩም" ብለው ጽፈው አርባ አንድ ስም አወጡ። የእኔን ስም ግን ሳያወጡት ቀሩ፤ ስሕተትዎ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአርባ አንዱ አንዷ ካማቺ ስሟ ለምን እንደወጣ ልትጠይቅዎ በመጣች ጊዜ ስላሳዩአት ትሕትና። "ሁላችሁም አድራሻችሁ አንድ ነው፤ ማን የት እንደሚያድር በምን አውቃለሁ?" አሏት። እርሷም "ጌታው፣ ድምፅ ሊለምኑ የሚመጡት ሰዎች እኮ በራችን ጠፍቷቸው አያውቅም" ብትልዎ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ባሕር ማዶ አገር አለሽ አይደል? እዚያ ሄደሽ ምረጪ" ብለው መለሱላት። ካማቺ የተወለደችው እናቷ በተወለደችበት ክፍል ውስጥ ነው። አያቷን እንግሊዞች ሻይ ሊያስተክሉት ከባሕር ማዶ አመጡት፤ አገሩ ነጻ በወጣ ማግስት ደግሞ ከነልጆቹ ዜግነቱንም ድምፁንም ተነጠቀ። ካማቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠች ዕለት የልጅ ልጅ አይታ ነበር።

ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው በቅጠል መጫኛ መኪና ተሳፍረው ከተማ ድረስ ለአቤቱታ ሄዱ። የአርባዎቹ ስም ወደ መዝገቡ ተመለሰ። የካማቺ የልደት ወረቀት ግን በእርሻው ቢሮ ሣጥን ውስጥ በእርጥበት በስብሶ ስለተገኘ ይህ ምርጫ አለፋት። 

ስለዚህ ሦስተኛው ጉዳይ በእርሷ ስም የቀረበ ነው። በመዝገብ ያለ ማንኛውም ሰው የሌላውን ምዝገባ መቃወም እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። መዝገቡን ከፊደል እስከ ፊደል ሳነብ እርስዎን መንደሩ ውስጥ ባለው በሟቹ አባትዎ ቤት አድራሻ አገኘሁዎት። ቤቱ ከተቆለፈ አምስት ዓመቱ ነው፤ ልጆችዎ የሚማሩት፣ እርስዎም የሚያድሩት ከተማ ነው። ተቃውሞዬን በሦስት ቅጂ አስገባሁ። መጥሪያው ባስመዘገቡት አድራሻ ተልኮ፣ ፖስተኛው በበሩ ሥር አሾለከው። ጉዳዩ ባለፈው ማክሰኞ ሲሰማ ቀደም ብዬ ደርሼ ተቀመጥኩ። ስምዎ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ከዚያም ተሰረዘ።

በትምህርት ቤቴ የቀረ ተማሪን ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም ነበር። የእርስዎን ግን አልጠየቅኩም።

ቤተሰብዎ ጤና፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ሴላማል አሩሙጋም

ማሳሰቢያ፦ እስከ ዓርብ ድረስ ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ቅጹ ላይ አንድ የመንደሩ ነዋሪ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። አርባዎቹን ጠይቄልዎ ነበር፤ እርስዎን መንደሩ ውስጥ አይቶ የሚያውቅ አልተገኘም። ካማቺ አዝናልዎ ልትፈርም ፈቅዳ ነበር፤ ነገር ግን ከመዝገብ የወጣ ሰው ምስክር መሆን አይችልም።