የማንኪራ አምስቱ ስላይዶች

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
በማይክሮስኮፕ የማየውን አሥራ ሁለተኛውን ስላይድ ጨረስኩ። ዓይኔ ሊፈስ ነው። መብራት ሁለቴ ጠፋ።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ከትልቁ እርሻ ኬሚካል ረጪዎች ጉንጭ የተወሰደው ናሙና ጉዳት ያሳያል ብዬ ነበር፤ አሳየ። ከሴሉ ኒውክለስ አጠገብ ተገንጥላ የምትታይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ዲኤንኤው መጎዳቱን የምትናገረው እሷ ናት። የማንኪራ መንደር ግን ማነጻጸሪያ ነበር! የጫካ ቡና ለቃሚ፣ ንብ አርቢ፣ ኬሚካል በዓይኑ ያላየ ሰው። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች አምስቱ ልክ እንደ ረጪዎቹ ሆኑ። አንዷ እናቴ ናት። ቁጥሩ አልሞላ ሲለኝ እኔው ነኝ ያስገባኋት።

ምን ጉድ ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6
እንደገና ቆጠርኩ። ያው ነው። አዲስ አበባ፣ ጥናቱን ለሚመሩት ዶክተር ደወልኩ፤ ኔትወርክ አራቴ ተቆረጠ። ቀለሙን አበላሽተህ ይሆናል አሉ። ቀጥለው የምድጃ ጭስ ነው አሉ። ምንም ያልታየባቸው ሰባቱስ በምን ያበስላሉ፣ በጨረቃ? አላልኳቸውም። አምስቱን አውጣና ሪፖርቱን ሰኞ ፈርመህ ላክ አሉ። እሺ አልኩ። ፈሪ!

ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ማታ 1 ሰዓት
ማንኪራ ደርሼ መጣሁ። ቤት ለቤት ጠየቅኩ። የሚረጭ የለም። ልመለስ ስል ከአምስቱ አንዷ እትዬ አስካለ፣ ደክሞሃል ብላ ውሃ ቀዳችልኝ። ከሰማያዊ ጀሪካን።

አምና በእርሻው ክሊኒክ ስሠራ፣ እንስራ የማንኪራን ሴቶች ወገብ ሲሰብር አይቼ፣ ከመጋዘን ባዶ የፀረ አረም ጀሪካን ለምኜ ያደልኩት እኔ ነኝ። አምስት። ለእነዚሁ ለአምስቱ። በአመድና በአሸዋ አጥበውታል፣ ሽታው ጠፍቷል። ሰባቱ ዛሬም በእንስራ ነው የሚቀዱት።

እናቴ ጋ ልናገር ገባሁ። አፌን ሳልከፍት፣ ጎረቤቶቿ ፊት፣ ወገቤን ያሳረፈልኝ ልጄ እያለች በካፊኛ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። ደብተሬ፣ አሜን ብዬ ወጣሁ!

እሁድ፣ የካቲት 9፣ ጧት 12 ሰዓት
ጀሪካኑ ነው ብዬ መማል አልችልም። አምስት ሰው ትንሽ ነው ቢሉኝ ዶክተሩ ልክ ናቸው። ግን እስኪረጋገጥ ይጠጡ? እናቴ ትናንት ማታም ጠጥታለች፣ እኔ ዝም ስላልኩ።

አምስቱንም ሪፖርቱ ውስጥ አስገብቼ ፈረምኩ። ዶክተሩ ከሥራ ቢያስወጡኝ ያስወጡኝ። እሱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ የእናቴ ፊት ነው።

ጫማዬን አሠርኩ። ሰው ከቤ/ክ ሲወጣ ማንኪራ እደርሳለሁ። ከዚህ ጀሪካን አትጠጡ እላለሁ። ማን አመጣብን ይሉኛል። እናቴም እዚያው ትቆማለች።

እኔ ነኝ እላለሁ።